መሐንዲስ ኤልሲ ማክጊልና የፎርት ዊልያም ሴት ሠራተኞች

ካናዳዊቷ ኤልሲ ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1905 በቫንኩቨር ተወለዱ። በ1929 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በአውሮፕላን ምህንድስና የማስተርስ ዲግሪ በመቀበል ከሴቶች ቀዳሚዋ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ግን ልምሻ እግሮቻቸውን ስለ ጎዳቸው በከዘራ ተደግፈው ይሄዱ ጀመር።

በ1938 በኦንታሪዮ፣ በፎርት ዊልያም የሚገኘው የካናዲያን ካር ፋብሪካ ዋና የአውሮፕላን መሐንዲስ አደረጋቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ሐሪኬን የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ለብሪታንያ ይሠራ ነበር። የአንዱ አውሮፕላን ክፍል ያለ ሞረድ በሌላው ላይ እንዲገጥም ልኩ በጥብቅ መጠበቅ ነበረበት። ልኩን ጠብቀው ከሠሩት 4,500 ያህል ሠራተኞች ግማሽ ያህሉ ሴቶች፣ ብዙዎቹም ለሙያው አዲስ ነበሩ። እስከ 1943 ከ1,400 በላይ ሐሪኬኖች ተሠሩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሴቶቹ በአብዛኛው ተሰናበቱ። ማክጊል በ1967 ስለ ሴቶች ሁኔታ ለማጥናት የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚሽን አባል ሆኑ፤ ኮሚሽኑም በ1970 ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል አሳሰበ። መሐንዲሷ በ1980 ዐረፉ።