አክሊሉ ለማ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ (መስከረም 7 ቀን 1928 – መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት የእንዶድ ፍሬ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በማግኘታቸው ነው። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

የዐድዋ ወንዞች

አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ አገራቸው የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በዚያው ዓመት የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። የበሽታው ትል ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ያልፋል። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ ደግሞ የትሉ እንቁላል ተመልሶ ውኃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢጠነቀቅ አይድንም፤ ከላይ ያለው መንደር ያበላሸውን ውኃ ከታች ያለው ይጠቀማል።

አክሊሉ ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሴቶቹ ያጥቡ የነበረው በእንዶድ ነው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው ከአንዷ አጣቢ የእንዶድ አረፋ አስጨመሩበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ወዲያው ሞቱ። በኋላ በቤተ ሙከራ ከፍሬው የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገር በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ግኝቱን ትልቅ ያደረገው ተክሉ አዲስ ባለመሆኑ ነው። እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በአጥር ላይ የሚበቅል፣ ለሸማና ለጋቢ ማጠቢያ ሳሙና ሆኖ የኖረ ተክል ነው። ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ከውጭ የሚገባው ኬሚካል ግን እጅግ ውድ ስለነበር ድሃ መንደሮች ሊገዙት አይችሉም ነበር። አክሊሉ ሕዝቡ በራሱ ተክል የራሱን ወንዝ ሊያጸዳ ይችላል ብለው አመኑ።

ይህንንም እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ሞከሩት። ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ከሕዝቡ 63 በመቶ ላይ ይታይ የነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር ይበልጥ ይናገራል፤ ብዙዎቹ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ ናቸውና።

እንዶድ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ዓሣንም ይገድላል፤ ዓሣ ለማጥመድም ከጥንት ጀምሮ ያገለግላል። ሌላው ችግር የከፍታ ነው። ቢልሃርዝያ ከ2,200 ሜትር በላይ ብዙም አይታይም። እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደጋማ ቦታዎች እንዶድ ከሳሙናነት ያለፈ ሥራ ሳይጠየቅ ይበቅላል፤ በሽታው በሚበረታበት ቆላማ አገር ግን ተክሉን ማልማት ያስፈልጋል። የእጽዋት ባለሙያው ለገሰ ወልደዮሐንስ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የተሰበሰቡ ዝርያዎችን አወዳድረው ዐይነት 44 የተባለውን ምርጥ ዝርያ የለዩት ለዚህ ነው።

ተቀባይነት የማግኘት ትግል

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። በኋላም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማእከልም አገልግለዋል። የእንዶድ ጉዳይ ግን ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ተጓተተ። ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች በታወቀ ደረጃ የተሠራ የመርዛማነት ጥናት ጠየቁ፤ ለዚያ የሚሆን ቤተ ሙከራና ገንዘብ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ አልነበረም። አክሊሉ መዘግየቱን ከሳይንሳዊ ጥንቃቄ በላይ በድሃ አገር ምርምር ላይ ካለ አለመተማመን የመጣ አድርገው ይወቅሱ ነበር።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን የነበረውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድል ተረጋገጠ። አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ቢመዘገቡም የፓተንቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ሆነ። በዚህም ምክንያት ለዘመናት በኢትዮጵያውያት እናቶች እጅ የኖረ እውቀት የማን ንብረት ነው የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሣ፤ እስከ ዛሬም በብዝኀ ሕይወት ጽሑፎች ውስጥ እንዶድ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

አክሊሉ በ61 ዓመታቸው አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የመሠረቱት ተቋም በስማቸው ተሰይሟል።