ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ እና የነቀምቴ የደመራ ምሽት



መስከረም 16 ቀን ሊመሽ ሲል በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ በየቤቱ የሚመከረው ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ችቦው ታስሯል ወይስ አልታሰረም? ልጆቹን ወደ አደባባዩ ደመራ የሚወስዳቸው ማን ነው? እንግዳ ለመቀበል ከቤት የሚቀረውስ? አንጮቴው ከጓሮ ተቆፍሮ፣ ታጥቦ ምድጃ ላይ ተጥዷል። ጩምቦው ከነቅቤው ይዘጋጃል፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ግን ቅቤው ማግስቱን ይጠብቃል። የቤቱ አባት በየመካከሉ ወደ በር ብቅ እያለ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ወይም ከገጠር ይመጣል የተባለው ዘመድ አልደረሰም። በቅርብ ዓመታት በወለጋ ገጠሮች ፀጥታ ደፍርሶ ብዙ ሰው ከቀዬው በመፈናቀሉ፣ ለመስቀል ማን ይመጣል፣ ማንስ ይቀራል የሚለው ጥያቄ እንደ ቀድሞው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

በዚህች ምሽት ስለ ነቀምቴ ስናነሣ ከከተማይቱ እምብርት ላይ ያለውን የድሮ ግቢ ሳናስታውስ ማለፍ አይቻለንም። ግቢው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይባላል። ባለቤቱ በሕዝቡ ዘንድ ኩምሳ፣ በጥምቀት ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በማዕረጋቸው ደጃዝማች ነበሩ። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ተሸክመው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሌቃ ነቀምቴን አስተዳደሩ። እኛም በዓሉን ምክንያት አድርገን የእኒህን ሰው ታሪክ በአጭሩ ለማውሳት ወደድን።

የሌቃ ነቀምቴን ግዛት የመሠረቱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኩምሳ አያት በከሬ ጎዳና ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ሞረዳ በከሬ አገሩን አጸኑ። ዘመኑ የፈተና ዘመን ነበር። በአንድ ወገን የጎጃም ሠራዊት ዐባይን እየተሻገረ በሆሮ ጉድሩ በኩል ግብር ይጠይቃል፤ በሌላው ወገን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጦር አበጋዝ ራስ ጎበና ዳጬ ወደ ምዕራብ ይገፋሉ። በ1874 ዓ.ም ሁለቱ ኃይሎች በእምባቦ ተዋግተው ድሉ የሸዋ ሆነ። ሞረዳ ከራስ ጎበና ጋር መዋጋትን አልመረጡም፤ በሰላም ገቡ፣ ክርስትናን ተቀበሉ፣ የደጃዝማችነትንም ማዕረግ አገኙ። በውጤቱ ሌቃ ነቀምቴ በጦር ኃይል እንደ ተያዙት አገሮች ነፍጠኛና መልከኛ አልተተከለባትም። የውስጥ አስተዳደሯ በባላባቶቿ እጅ ቀርቶ ለንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ ቁርጥ ግብር ትከፍል ጀመር።

ይህ ስምምነት ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። ከሱዳን የተነሣው የመሐዲስቶች ጦር ወደ ወለጋ በዘለቀ ጊዜ፣ በ1881 ዓ.ም ጥቅምት ወር በነጆና በመንዲ መካከል በምትገኘው ጉቴ ዲሊ ላይ ራስ ጎበና ድል አደረጉት። በዚያን ጊዜ የምዕራቡ ድንበር ባይጠበቅ ኖሮ የወለጋ ከተሞች ዕጣ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ያስበው።

ከጉቴ ዲሊ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞረዳ አረፉ። ኩምሳ የአባታቸውን ወንበር የያዙት ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በሆኑበት ዘመን ነው። ገና ወጣት ሳሉ ሦስት ጌቶች ነበሩባቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕዝቡ እንደ አባቶቹ ሥርዐት እንዲዳኘው ይሻል፤ ቤተ ክህነት የተጠመቀ ገዢ እንደ ክርስቲያን እንዲኖር ትጠይቃለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወርቁን በጊዜው ትጠብቃለች።

በእኛ አስተያየት የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርን ሕይወት ከመስቀል ጋር የሚያገናኘው ይህ የሦስተኛው ጌታ ነገር ነው። አንባቢያን እንደሚያውቁት በቀድሞ ጊዜ ክረምት ሲገባ መንገድ ይዘጋል። ከነቀምቴ ወደ ሸዋ ለሚሄድ መንገደኛ ግቤ ሞልቶ አያሻግርም፤ ወደ ምዕራብ ለሚሄደው ዴዴሳ ይከለክለዋል። መስቀል ሲጠባ ወንዙ ይጎድላል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ አጋሰሱ ይጫናል። መስቀል በምኒልክ ከተማ ታላቅ የሰልፍ በዓልም ነበር፤ መኳንንቱና ሠራዊቱ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚታዩበት ቀን ነው። እንግዲህ የነቀምቴው ገዢ ችቦውን አይቶ ሲደሰት፣ የተከፈተው መንገድ የግብር መንገድ መሆኑንም አይዘነጋም ነበር።

የዚያ ግብር ዋናው ወርቅ ነው። በወለጋ ወንዞች አሸዋ ውስጥ ያለውን ወርቅ አጥቦ የሚያወጣው ገበሬው ነው። ማር፣ የዝሆን ጥርስና ቡናም ከምዕራቡ አገር ወደ መሀል ይጓዙ ነበር። ከነቀምቴ ብዙም የማይርቀው የቢሎ ገበያ ነጋዴዎችን ከሩቅ ይስባል። በእነዚያ ገበያዎች ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም፤ የዘመኑን ጌቶች ስናመሰግን ይህን ዘለን ብናልፍ ታሪኩን በግማሽ መናገር ይሆናል። ኩምሳ አገራቸውን ከጦር አድነዋል፤ ዋጋውን ግን ከአባ ቆሮው በታች ያለው ባለ እርሻ በጉልበቱና በማሳው ከፍሏል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ይህን ሁሉ በግምት የምንናገረው አይደለም። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከሞረዳ ዘመን ጀምሮ ከአዲስ አበባና ከልዩ ልዩ ሹማምንት የመጡ በአማርኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተዋል። የታሪክ ምሁራኑ አለሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ እነዚያን ሰነዶች አሰባስበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በ1990ዎቹ አጋማሽ አሳትመዋቸዋል። በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት የአንድን አገር አስተዳደር እንዲህ ሲያስነብብ ማየት ያስደንቃል። አያቶቻችሁ ያስቀመጡት ወረቀት ካለ ለችቦ ማቀጣጠያ አታድርጉት እንላለን።

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ግብር በመክፈል ብቻ አልተወሰኑም። በ1890 ዓ.ም ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል በዘመቱ ጊዜ ከሌቃ ነቀምቴና ከቄለም የተነሣው ጦር ተሰልፏል። ጎረቤታቸው የቄለሙ ጆቴ ቱሉ እንደ እርሳቸው የራሳቸውን አገር እንዲያስተዳድሩ የተፈቀደላቸው ሰው ነበሩ፤ በኋላ ግን ሥልጣናቸውን አጥተዋል። ኩምሳ ያን መከራ አመለጡ። ትዕግሥታቸው ወይስ የወርቁ ብዛት አዳናቸው? ምናልባት ሁለቱም።

የክርስትናቸው ነገርም ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። ከአባታቸው ዘመን አንሥቶ ካህናትና ታቦት ወደ ነቀምቴ ገብተዋል፤ ከታቦቱም ጋር ዐውደ ዓመቱ ሁሉ፣ ደመራውም ጭምር ገባ። ነገር ግን በ1896 ዓ.ም አናሲሞስ ነሲብ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ሰው፣ ወደ ነቀምቴ በመጡ ጊዜ ገዢው በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ እንዲያስተምሩም በሩን አልዘጉባቸውም። ይህ ከኦርቶዶክሳውያን ካህናት ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ ክርክሩ እስከ አዲስ አበባ፣ እስከ አቡነ ማቴዎስ መንበር ደርሷል። ካህናቱ መንጋቸውን የመጠበቅ ኃላፊነት ነበረባቸው። ገዢው ደግሞ ፊደል የሚቆጥር ልጅ በአገራቸው እንዲበዛ ፈለጉ። ዛሬ በአንድ ቤተሰብ ማዕድ ላይ የሁለቱም ወገን ልጆች አብረው የሚቀመጡባቸው የነቀምቴ ቤቶች ብዙ ናቸው። የመስቀል ምሽት ሲመጣም እንግዳው የየትኛው ወገን ነው ተብሎ አንጮቴ አይከለከልም።

እዚህ ላይ ስለ ምሽቱ ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ የመስከረም 16 ምሽት ጉባ ይባላል። በየደጁ ችቦ ይለኮሳል፤ ልጆች ችቦ ይዘው በግቢው ይዞራሉ፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ክረምቱ ወጥቶ ብርሃን መግባቱ ይበሠራል። የአደይ አበባ በዚያ አገር ኬሎ ትባላለች፤ በዚህ ሰሞን የወለጋን ተረተር ሁሉ ቢጫ ታለብሳለች። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዚያው ምሽት ንግሥት እሌኒ በዕጣን ጢስ ተመርታ የጌታችን መስቀል የተቀበረበትን ስፍራ ማግኘቷን ታስባለች። ጉባው ከደመራው ይቅደም ወይስ ይከተል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውናል። እኛ ዳኛ ለመሆን አንደፍርም። በኩምሳ ግቢ በር ያለፈ የዘመኑ ሰው ግን ኩምሳና ገብረ እግዚአብሔር አንድ ሰው መሆናቸውን ያውቅ ነበር፤ በአንድ ምሽት ላይ ሁለት ስም መኖሩም ምናልባት ብዙ አላስገረመውም።

የደመራ ሥርዐት በአገራችን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። በአዲስ አበባና በብዙ ከተሞች መስከረም 16 ሲመሽ ይለኮሳል፤ በሰሜን በአንዳንድ አገር በ17 ማለዳ ይለኮሳል። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሦስት ጊዜ ዞረው፣ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ የመካከሉ ምሰሶ ወደ የት እንደ ወደቀ አረጋውያን አይተው ስለ ዓመቱ ይነጋገራሉ። ሲበርድ አመዱን በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት መቀባት የቆየ ልማድ ነው። በድሮ ጊዜ ጥይት ይተኮስ ነበር፤ አሁን በከተማ ልጆች ርችት ይወዳሉ። ርችት ከሣር ክዳንና ከደረቀ አጥር አጠገብ ምን እንደሚያደርግ እናቶች ያውቁታልና ቁጣቸውን ልጆች አይጥሉባቸው። የመስቀል በዓል በኅዳር 2006 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ምዝገባ ውስጥ የአደባባዩ ሥነ ሥርዐት ብቻ ሳይሆን በየደጁ የሚለኮሰው ትንሽ ችቦም ድርሻ አለው ብለን እናምናለን።

ከደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በኋላ ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ተተኩ። ለእርሳቸው የደረሳቸው ዘመን ከአባታቸው የከፋ ነበር። በ1928 ዓ.ም ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ወለጋ መንታ መንገድ ላይ ቆመች። የሌቃው ቤት ከሌሎች የምዕራብ ባላባቶች ጋር ሆኖ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ለመግባት ጥያቄ አቀረበ፤ አልተሳካም። በሰኔ ወር በነቀምቴ አቅራቢያ በቦነያ ያረፉት የኢጣሊያ መኮንኖች፣ ጄኔራል ማሊዮኮ ጭምር፣ በጥቁር አንበሳ አርበኞች ተገደሉ፤ ከእነርሱ መካከል የተረፉት ቄስ ቦሬሎ ብቻ ነበሩ። ነቀምቴም በአየር ተደበደበች። አያቱና አባቱ በግብርና በብልሃት ከእሳት የጠበቁት ከተማ በልጁ ዘመን ከሰማይ እሳት ወረደበት። ይህን ስናስብ የኩምሳ መንገድ ትክክል ነበር ወይስ ጊዜ መግዛት ብቻ ነበር የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም፤ ነቀምቴ ውስጥ ቡና ላይ ቢነሣ የሚመለስ ሰው አይጠፋም፤ ሁለት ሰው ግን አንድ ዓይነት አይመልስም።

ቤተ መንግሥቱ ዘመን ቀይሮ የጎብኚዎች መዳረሻ ሆኗል። በዓሉን ለማክበር ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ነቀምቴ የሚመጣ ቤተሰብ በመስከረም 16 ረፋድ ላይ ልጆቹን ይዞ ግቢውን ቢያሳያቸው መልካም ነው። ከሰዓት በኋላ ጊዜ አይገኝም፤ ችቦው መታሰር፣ አንጮቴው መላጥ፣ ቄጠማው መጎዝጎዝ አለበት። ሲመሽ አባት የመጀመሪያውን ችቦ ይለኩሳል፤ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ቢዘገይ እንኳ በደጁ ላይ ብርሃን እንዲያገኝ አንድ ችቦ ለብቻው ይቀመጥለታል።