የአፈርን እስትንፋስ የለኩት ሊቅ

በክረምት ከቢቸና ወጣ ብሎ በእነማይ ሜዳ የሚጓዝ ሰው ዋልካው ውኃ አቁሮ፣ የስንዴው ቡቃያም ቢጫ ሆኖ ማየቱ አይቀርም። ዝናብ ሳይጎድል ሰብሉ የሚጠወልገው ሥሩ አየር አጥቶ ስለሚታፈን ነው። አየር ወደ አፈር የሚገባበትን መንገድ በስሌት ካስቀመጡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ኤድጋር በኪንግሃም ናቸው።

በኪንግሃም የተወለዱት ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በተሠዉበት ዋዜማ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ በፊላዴልፊያ ከተማ ነው። በሃርቫርድ ፊዚክስ አጠኑ፤ በ1893 ደግሞ በጀርመን ላይፕዚግ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ለዓመታት ካስተማሩና ስለ ሙቀትና ኃይል መጽሐፍ ከጻፉ በኋላ፣ በ1902 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአፈር ቢሮ ባልደረባ ሆኑ። እርሻን ሳይሆን ፊዚክስን የተማረ ሰው አፈር ላይ መዋሉ ለግብርናው በረከት ሆኗል።

በቢሮው የገጠማቸው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሥርና ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅንን ይጠቀማሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስወጣሉ። ታዲያ አፈር የሚተነፍሰው በምን ኃይል ነው? የከባቢ አየር ግፊት ከፍና ዝቅ ማለቱ ይሆን? በኪንግሃም ከልዩ ልዩ አፈር ናሙና ወስደው ጋዞች በውስጡ የሚያልፉበትን ፍጥነት ለኩ። በ1904 ባሳተሙት ጥናት የግፊቱ ድርሻ አነስተኛ መሆኑን አሳዩ፤ ዋናው ጉዞ ጋዝ ከበዛበት ወደ አነሰበት በራሱ የሚያደርገው ነው። ፍጥነቱን የሚወስነውም በአመዛኙ የአፈሩ ዓይነት ሳይሆን አየር የያዘው ክፍተት መጠን ነው፤ ያውም በክፍተቱ ካሬ ልክ። አየር የያዘው ክፍተት ከአፈሩ 40 በመቶ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ፣ የጋዙ ፍጥነት በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው።

ለዋልካ ይህ ከባድ ነገር ነው። ሸክላው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ኦክስጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት 10 ሺህ ጊዜ ያህል ቀርፎ ነው። እኔም በኮሌጅ ሳለሁ ማጠንፈፍ ማለት ውኃን ማስወገድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ፈሰስ የሚያወጣው ገበሬ ግን ለሥሩ የአየር በር እየከፈተ ነው። ጤፉን ዘግይቶ የሚዘራው፣ ሽምብራና ጓያውንም ዝናብ ሲሸሽ የሚያወርደው አባት ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ማሳው የክረምቱን ብዙ ጊዜ ባዶውን ይከርማል። ወደ ሞጣ ሲዘለቅ በሚገኘው ቀይ አፈር ላይ ያው ዝናብ ቶሎ ይሰርጋል። በበኪንግሃም ስሌት ልዩነቱ ቀለሙ አይደለም፤ ከዝናብ በኋላ ለአየር የሚተርፈው ቦታ ነው።

በ1906 ወደ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ተዛወሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ስለ አፈር ውኃ እንቅስቃሴ የሠሩት ሌላ ታላቅ ጥናት ታተመ። መሐንዲሶች ዛሬም ስማቸውን የሚያነሡት በ1914 ባወጡት የልኬት ንድፈ ሐሳብ ነው። በ1940 አረፉ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ፔንማን ካሬውን ትቶ ፍጥነቱ ከክፍተቱ ጋር በቀጥታ እንደሚያድግ የሚገልጽ ሌላ ቀመር አቀረበ። ሁለቱም ቀመሮች ቅርጹን የማይለውጥ አፈርን ያስባሉ፤ በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋም የሚሰነጠቀው ዋልካ ግን ለሁለቱም በቀላሉ አይገዛም።