እቴጌ ጣይቱና በገናቸው

በዚህ በኦሎምፒያ አካባቢ ከምንኖር ወጣቶች መካከል ጊታር የሚወዱ ጥቂቶች አይደሉም። አንዳንዱ አንዲት ቦክስ ጊታር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከጥናት በኋላ ያነሣታል፤ ሌላው ቀስ በቀስ ሁለትና ሦስት አድርሶ ይህ ለቤት፣ ያ ከጓደኛ ጋር ለመጫወት እያለ ይለያቸዋል። ለመድረክ አይጫወቱም፤ እንጀራም አይበሉበትም። ከእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም ክርስቲያን የሆነ ሰው ሙያው ሳይሆን፣ ለራሱ ብቻ መሣሪያ ይዞ ቢቀመጥ ጊዜውን ማባከን ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ጥያቄው በክርክር የሚያልቅ ስላልመሰለኝ በዚህ ጽሑፍ የአንዲት ሴት ሕይወት ላቀርብ መረጥሁ። እኒህ ሴት ጊታር አልያዙም፤ በገና ግን ይደረድሩ ነበር። በገና ሙያቸው አልነበረም፤ ሙያቸው መንግሥት ነበር።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአባታቸው ከሰሜን ገዥዎች ወገን ናቸው። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ለብዙ ዘመን የገዙ፣ ንጉሠ ነገሥትነትንም የተመኙ ሰው ነበሩ። ደጃች ውቤ ደረስጌ ላይ ቤተ ክርስቲያን ቢያሠሩም በ1847 ዓ.ም. በካሣ ኃይሉ ድል ተመተው፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው፣ ሆኑ። እንግዲህ ጣይቱ ያደጉበት ቤት ሥልጣን እንዴት በአንድ ቀን ከእጅ እንደሚወጣ የሚያውቅ ቤት ነበር። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ እንኳ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ ነበር። ጣይቱ ግን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግዕዝም ያውቁ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ትምህርታቸው ሲያነሡ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር፣ በገናም ይደረድሩ እንደ ነበር ይጠቅሳሉ። ብዙውን ጊዜ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው ወደ ውጫሌ ውልና ወደ ዐድዋ ያልፋሉ። እኔን የያዘኝ ግን ያ የሚታለፈው ዐረፍተ ነገር ነው።

ጊታር የለመደ ሰው በገና ቢያስታቅፉት መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። አንገት የለውም፤ ጣት አውታሩን እየተጫነ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ስፍራም የለውም። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። ከታች ቆዳ የለበሰ የእንጨት ሣጥን አለው፤ ከሣጥኑ ሁለት ምሰሶዎች ይነሣሉ፤ ምሰሶዎቹን ከላይ ቀንበር ያያይዛቸዋል። ከቀንበሩ ወደ ሣጥኑ የሚወርዱት አውታሮች 10 ናቸው፤ የሚሠሩትም ከበግ አንጀት ተገምደው ነው። እያንዳንዱ አውታር የራሱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ከ10ሩም ሁሉም አይመቱም፤ አንዳንዶቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። ያን የሚያንዘረዝር፣ እንደ ንብ መንጋ ከሩቅ የሚሰማ ድምፁን የሚያወጣው ደግሞ እንዝራ የሚባለው ነው። እንዝራ አውታሩ በበርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። በትክክል ካልገባ አውታሩ ዝም ይላል። በገና ደርዳሪ እንዝራውን ሲያስተካክልና ቅኝቱን ሲፈልግ የሚያጠፋው ጊዜ ብዙ ነው፤ የአንጀት አውታር እንደ አየሩ ጠባይ ስለሚረግብና ስለሚከር ትናንት የተቃኘው ዛሬ አይገኝም። ለችኩል ሰው የሚሆን መሣሪያ አይደለም።

አባቶቻችን ለእያንዳንዱ ክፍል ምሳሌ ሰጥተውታል። 10ሩ አውታሮች የ10ሩ ትእዛዛት፣ ሣጥኑ የእመቤታችን፣ ሁለቱ ምሰሶዎች የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ምሳሌ ናቸው፤ ምሰሶዎቹን የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ገብርኤል ምሳሌ የሚያደርጉም አሉ። እንዲህም ሆኖ በገና በቅዳሴም በማኅሌትም አይገባም፤ የማኅሌቱ መሣሪያዎች ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። የበገና ስፍራው ቤት ነው፤ ወቅቱም በተለይ የዐቢይ ጾም ነው። መዝሙሩ በለሆሳስ፣ ከአውታሩ ድምፅ ሳይርቅ የሚባል ሲሆን ነገሩም ስለ ሞት፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ጌታ ሕማምና ስለ ዓለም ኃላፊነት ነው።

በድሮው ኅብረተሰብ ማሲንቆና ክራር የሚጫወት አዝማሪ በገንዘብ ቢሸለምም በክብር ግን ይናቅ ነበር። የመኳንንት ልጅ አዝማሪ ቢሆን ለቤቱ ኀፍረት ነው። በገና ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነበር፤ ምክንያቱም ንጉሡ ዳዊት የደረደረው መሣሪያ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። በትውፊታችን ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ ከሌዋውያኑ ጋር አብሮ መጣ ይባላል። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም፣ መነኩሴውም ወይዘሮይቱም ሳያፍሩ ይይዙት ነበር። የጣይቱም በገና የዚህ ልማድ አንዱ ቅርንጫፍ ነው።

ጣይቱ ከአፄ ምኒልክ በፊት ሌሎች ትዳሮችን አሳልፈዋል፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በ1875 ዓ.ም. ግን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። በቁርባን የተጋባ በሞት ካልሆነ አይለያይም። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰማንያ እየተጋቡ ሲፋቱ እንደሚኖሩ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ቃል ኪዳን አይደለም። ከ30 ዓመት በኋላም ሞት እስኪለያቸው ድረስ ጸንቷል። ልጅ አልወለዱም።

በእንጦጦ ተራራ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ ስትመረቅ፣ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር ቀናት የወሰደ ነበር። ከብቱ፣ ጠጁና እንጀራው እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ስለ አገራችን ምግብ ታሪክ ሲጽፉ ከዚያ ግብር ይጀምራሉ። በዚሁ ሰሞን ከእንጦጦ ግርጌ ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ እኛ የምንኖርባት ከተማ እንግዲህ የእርሳቸው ቃል ናት። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በመድኃኔ ዓለም ቀን፣ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ነገሡ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያም ተባሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወታቸው በሙሉ በሰው ፊት ነው። ግብር ሲያበሉ ሺህ ዓይን ያያቸዋል፤ ሲፈርዱ፣ ሲሾሙ፣ ሲቆጡ የሚያይ አለ። በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ምክንያት ከኢጣልያ መልእክተኛ ጋር ክርክር በተነሣ ጊዜ ከባለቤታቸው ይልቅ እርሳቸው መራራ እንደ ነበሩ ኢጣልያኖቹ ራሳቸው አልሸሸጉም። በገና ግን ተመልካች አይፈልግም። እንዲያውም በገና የሚደረደረው ደርዳሪው ራሱ እንዲሰማው ነው ቢባል ስሕተት የሚሆን አይመስለኝም። በቀኑ ሁሉ ሌላውን የሚያዝዝ ሰው ማታ ተቀምጦ ስለ ራሱ ሞት የሚነግረውን መሣሪያ በገዛ እጁ መምታቱ ትንሽ ነገር አይደለም። አዝማሪ ጌታውን ያወድሳል፤ በገና የያዛትን እመቤት አያወድስም።

ስለ ዐድዋ ሁላችን እናውቃለንና ረዘም አላደርገውም። ሁለት ነገር ብቻ አነሣለሁ፤ ሁለቱም ስለ ውኃ ናቸው። በጥር 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ሆኖ አልበገር ሲል፣ ጠላት ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ የሚለውን ምክር ያመጡት እቴጌይቱ ነበሩ። የእርሳቸው ወታደሮች ምንጩን ያዙ፤ ምሽጉም በጥም ተፈትቶ ተለቀቀ። ይህ ጨካኝ ብልሃት ነው፤ ጦርነት ነውና ማንም አይነቅፋቸውም፤ ግን በውስጥ ያለው ሰው የተጠማ ሰው መሆኑ አይካድም። ሁለተኛው የካቲት 23 ቀን ነው። ያ ቀን ጊዮርጊስ መሆኑን ሁሉም ያወሳል። ዕለቱ እሑድ መሆኑን፣ ዘመኑም ዐቢይ ጾም መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያስተውልም። የዚያ ዓመት ፋሲካ መጋቢት 28 ቀን ስለ ዋለ፣ ወደ ኋላ ቢቆጠር የካቲት 23 የጾሙ አራተኛ ሰንበት፣ መጻጉዕ ነው። በመጻጉዕ የሚነበበው ወንጌል በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ውኃው ሲናወጥ ወደ ውስጥ የሚያገባው ሰው አጥቶ 38 ዓመት የተኛውን በሽተኛ የሚመለከት ነው። በዚያ እሑድ እቴጌ ጣይቱ ከሠራዊታቸው ጋር ሆነው ሸሽቶ የሚያፈገፍገውን ሲያደፋፍሩ፣ ሴቶቹን ደግሞ በገምቦና በእንስራ ውኃ ተሸክመው ለተዋጊውና ለቆሰለው እንዲያደርሱ አሰማርተው ነበር። በአንድ ወር ተኩል ጊዜ ውስጥ ያቺው እጅ ውኃ ከለከለች፣ ውኃም ሰጠች።

እቴጌይቱ ለሁሉም የተመቹ ሴት አልነበሩም። የሰሜንና የጎንደር ዘመዶቻቸውን ያስቀድማሉ ተብለው በሸዋ መኳንንት ዘንድ ተጠልተዋል፤ ነገሩም መሠረት የሌለው ሐሜት አልነበረም። አፄ ምኒልክ በሕመም ደክመው በአልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ሹም ሽሩን እርሳቸው ያዙት፤ ጥላቻውም በረታ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ ገለል ብለው ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። በልጅነታቸው በአጎታቸው ላይ የሆነው በእርሳቸውም ላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ያስታመሙትን ሰው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሞት ወሰደው፤ የአንኮበሩም ቃል ኪዳን እዚያ ላይ ተፈጸመ።

እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ። ከከተማይቱ በላይ፣ ዘውድ በጫኑባት በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በጾምና በጸሎት ተወሰኑ። ከታች ያቺ ስም ያወጡላት ከተማ ያለ እርሳቸው ታድግ ጀመር፤ በ1900 ዓ.ም. የከፈቱት ሆቴል እንግዳ ይቀበላል፤ ልጅ ኢያሱ ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ። የበገና መዝሙር ስለ ኃላፊው ዓለም የሚለውን ሁሉ ከእንጦጦ ላይ ሆነው በዓይናቸው አዩት ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ወደ በገናው አንድ ነገር ልጨምር። የእቴጌ ጣይቱ ስም ከጦርና ከሥልጣን ጋር ሲነሣ ከበገና ጋር ብዙ የማይነሣው መሣሪያው ራሱ በመካከል ስለ ተረሳ ይመስለኛል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በፊት በዐቢይ ጾም በራዲዮ ይሰማ ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን የመኳንንትና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ተደርጎ ስለ ተቈጠረ ከሕዝብ ጆሮ ራቀ። በጥቂት ሽማግሌዎችና እንደ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ባሉ ደርዳሪዎች እጅ ተጠብቆ ቈየ። ዛሬ በአዲስ አበባ በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ ተሰልፈው ሲደረድሩ ይታያል። ደስ ይላል። ቢሆንም በ20 እና በ30 ሆኖ በድምፅ ማጉያ የሚደረደረው በገና እቴጌይቱ ያውቁት ከነበረው ጋር አንድ ነው ለማለት አልደፍርም። የእርሳቸው ለአንድ ሰውና ለአንድ ክፍል የሚበቃ ነበር። ጊታሩን በሩን ዘግቶ የሚያነሣው የሠፈራችን ልጅ በዚህ በኩል ከመድረኩ ይልቅ ለእርሳቸው ይቀርባል።

በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ እቴጌ ጣይቱ የቀረ ዕድሜያቸውን በጎንደር ለመፈጸም ፈቃድ ጠየቁ። በመንግሥቱ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ በሰሜን ያሉ ዘመዶቻቸው ገና ኃይል ነበራቸውና የተፈራው ይህ ይመስላል። በዚያው በእንጦጦ ቈይተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። መጀመሪያ የተቀበሩት በእንጦጦ ማርያም ነው። በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ የበአታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው የአባታቸውን ዐፅም ሲያሳርፉ የእቴጌይቱም ዐፅም ከተራራው ወርዶ ከምኒልክ ጎን ተቀመጠ። ዛሬ በበአታ ምድር ቤት የሚወርድ ሰው በመካከል የአፄ ምኒልክን፣ በአንድ ወገን የእቴጌ ጣይቱን፣ በሌላው ወገን የንግሥት ዘውዲቱን የመቃብር ሐውልት ያገኛል። ከኦሎምፒያ በታክሲ ሩቅ አይደለም።