የዶክተር ሊቪንግስተን የመድኃኒት ሣጥን

ዶክተር ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1813 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ተወልደው በ10 ዓመታቸው በጥጥ ፋብሪካ የተቀጠሩ፣ በ1840 የሕክምና ፈቃድ አግኝተው ዘመናቸውን በአፍሪካ የፈጸሙ ሰው ናቸው። ስለ አሳሽነታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ለእኛ ለመድኃኒት ባለሙያዎች ግን ይበልጥ የሚማርከን ሣጥናቸው ነው።

ለወባ የሚሰጡት እንክብል ከኩዊኒን፣ ከጃላፕ፣ ከሩባርብና ከካሎሜል የተቀመመ ነበር። ካሎሜል ሜርኩሪ ያለበት በመሆኑ ዛሬ የሚያዝዘው የለም፤ ኩዊኒንን ሳያመነቱ መስጠታቸው ግን ትክክል ነበር። ሆኖም በ1862 ባለቤታቸው ሜሪ በዛምቤዚ ዳርቻ በወባ ሲሞቱ ሊያድኗቸው አልቻሉም።

በጃንዋሪ 1867፣ ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር፣ ሁለት ጓዝ ተሸካሚዎች የመድኃኒቱን ሣጥን ይዘው ተሰወሩ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ከማንኛውም በሽተኛ አይሻሉም ነበር። በ1870 በማንዬማ እግራቸው ቆስሎ ለወራት ሲተኙ፣ ማላካይት የተባለውን አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን በድንጋይ ላይ አልመው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በላባ ይቀቡት ነበር። በ1871 ስታንሊ ኡጂጂ ላይ አግኝቷቸው በምግብ ቢያበረታቸውም፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ ሳያገኙ መመለስን አልወደዱም።

ሰውነታቸውን ያዳከመው ሌላው ነገር የቆየ የኪንታሮት መድማት ነው፤ ከጉዞው በፊት ቀዶ ሕክምና ቢመከሩም አልተቀበሉም። በ1873 በባንግዌሉ ረግረግ በአህያ መቀመጥ ስላቃታቸው በቃሬዛ ተያዙ። በሜይ 1 ቀን በቺታምቦ መንደር ዐረፉ። ሱሲ፣ ቹማና ባልደረቦቻቸው ልባቸውን ከዛፍ ሥር ቀብረው፣ አስከሬኑን በጨውና በፀሐይ አድርቀው፣ እስከ ባሕር ጠረፍ ድረስ ተሸከሙት።