ማን ፈቀደላቸው የተባሉት ወለተ ጴጥሮስ

የሴቶች መብት በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ምሳሌ የምንፈልገው ባሕር ማዶ ነው። እኔ ዛሬ አንባቢን ወደ ጣና ዳር ልወስድ ፈልጌያለሁ። የማወጋችሁ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለኖሩት መነኩሲት፣ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ስለምታከብራቸው ስለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። አባታቸው ባሕር ሰገድ፣ እናታቸው ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ገና በለጋ ዕድሜያቸው የአፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አዛዥ ለነበሩት ለመልክአ ክርስቶስ ተዳሩ። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ልባቸው ወደ ምንኩስና አዘነበለ። በዚያ ዘመን አንዲት የመኳንንት ልጅ ከትዳር ወጥታ ተከብራ የምትኖርበት በር ቢኖር እሱ ነበርና።

ነገሩን ያከረረው የቤተ መንግሥቱ ፖለቲካ ነው። ንጉሡ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብለው ወደ ካቶሊክ እምነት አዘነበሉ። በ1617 በዚሁ ሳቢያ በተነሣው ዓመፅ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ጎን ተሰልፈው ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ወለተ ጴጥሮስ አንድ ጊዜ ቢያመልጡም ባላቸው ተከትለው ስላስጨነቁ ተመልሰው ነበር። በጳጳሱ ደም እጁ ካለበት ሰው ጋር ግን መኖር አልቻሉም፤ ትዳሩን ለዘለቄታው ትተው መነኮሱ። በዚህ መንገድ ያገኟቸው ሌላዋ መነኩሲት እኅተ ክርስቶስም ባልና ልጅ ትተው የመጡ ነበሩ። ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም።

ወለተ ጴጥሮስ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ የንጉሡን ሃይማኖት በአደባባይ ነቀፉ። ተይዘው በንጉሡ ፊት ቆሙ። ከሞት ያተረፋቸው ዘመዶቻቸው እንዳያምፁ መፈራቱ ነው። በኋላም ወደ ሱዳን በኩል ወዳለው ቆላ፣ ወደ ዠበይ፣ ለሦስት ዓመት ተጋዙ። በግዞቱ ሊጠፉ ሲገባቸው ተከታዮች መጡባቸውና የመጀመሪያው ማኅበራቸው እዚያው ተመሠረተ። በዕድሜያቸው ሳሉ ሰባት ማኅበራትን አቋቋሙ። በውስጣቸው ሴቶችም ወንዶችም ነበሩ። ገድሉ እንደሚለው እመቤትና ገረድ የነበሩት ሳይለዩ ከአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር፤ የመኳንንት ልጅ የሆኑት መሪም እንደ ሌሎቹ ይፈጩ፣ ሸክም ይሸከሙ ነበር።

በ1632 አፄ ሱስንዮስ የአገሩን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ስደቱ አበቃ፤ ለወለተ ጴጥሮስ ግን ፈተናው አላበቃም። እኔን ከታሪካቸው ሁሉ ይበልጥ ያቆመኝም የገዛ ወገኖቻቸው ያነሡባቸው ክርክር ነው። ሊቃውንቱ ቀኑባቸው። ሴት መምህርና መሪ ትሆን ዘንድ የፈቀደ የት መጽሐፍ አለ ሲሉ የጳውሎስን ቃል እየጠቀሱ ጠየቁ። አንድ መነኩሴ፣ አባ ፈትለ ሥላሴ፣ ተነሥተው ሞገቱላቸው። ነገሩም ይህ ነበር፤ እኛ ስለተበላሸን እግዚአብሔር መሪነታችንን ወስዶ ለእሷ ሰጠ፣ ስለዚህ ልታስቆሟት አትችሉም የሚል።

አንባቢ ልብ በሉ። ክርክሩን ያሸነፈላቸው ቃል እንኳ ሴት መምራት ትችላለች አላለም። ሹመታቸው የተቆጠረው የወንዶች ቅጣት ሆኖ ነው። በዘመኑ ለአንዲት ሴት መቆም የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ምክንያት ይህን ያህል ጠባብ ነበር።

ስለዚህ ወለተ ጴጥሮስን በዛሬ ቃል የመብት ታጋይ ብዬ ላለብሳቸው አልደፍርም። ስለ ሴቶች እኩልነት አልሰበኩም፤ በማኅበራቸው ሥርዓት ላይ ጥብቅ፣ አንዳንዴም ጨካኝ መሪ እንደነበሩ ገድላቸው አይደብቅም። ያደረጉት ግን ከስብከት አያንስም። ባልም ንጉሥም ሊቅም ተመለሽ ሲሏቸው አልተመለሱም፤ ሴቶች በሴት የሚመሩበትን ቤት ሠርተው ሄዱ። ኅዳር 1642 በሃምሳ ዓመታቸው ሲያርፉ መሪነቱ ለእኅተ ክርስቶስ ተላለፈ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባሉ መነኩሴ ያወቋቸውን እየጠየቁ ገድላቸውን በግዕዝ ጻፉ። በ2015 ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ መለሱት።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት ሴት ስትሾም ወንዱ ታጥቶ ነው ወይ የሚል ሹክሹክታ ስሰማ አባ ፈትለ ሥላሴ ትዝ ይሉኛል። እሳቸው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ምክንያት አላገኙም ነበር። እኛስ?