ጅራታም ኮከብን ይሄ ብርሃን የማን ነው ብሎ የመረመረው ሰው

ፖላራይዝድ የፀሐይ መነፅር ያላችሁ አድርጉትና ስልካችሁን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ብዙ ስልኮች ላይ፣ የሆነ ጋ ሲደርስ ስክሪኑ ይጠቁራል። ስልኩ አልተበላሸም። ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ስለሆነ መነፅሩ አግዶት ነው። ይሄ ነው ፖላራይዜሽን የሚባለው። ዛሬ የምናወራችሁ በዚሁ ዘዴ ጅራታም ኮከብን ስለመረመረው ፈረንሳዊ፣ ስለ ፍራንሷ አራጎ ነው።

አራጎ እ.ኤ.አ በ1786 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤስታዤል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ20 ዓመቱ የምድርን ልክ ለመለካት ወደ ስፔን ተላከ። በ1808 ሁለቱ አገራት ጦርነት ሲገጥሙ እሱ ማዮርካ ደሴት ተራራ ላይ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ለልኬቱ እሳት ያበራል። የደሴቱ ሰዎች ይሄማ ለፈረንሳይ ምልክት የሚሰጥ ሰላይ ነው ብለው ተነሱበት። ያዳነው እስር ቤት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ እንዳይገደል ብሎ ራሱ ቤልቬር ምሽግ ገብቶ ታሰረ። ከዚያ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወደ አልጀርስ አመለጠ። ወደ አገሩ ሲመለስ እንደገና ተያዘ፣ ሲፈታም ነፋስ መልሶ አፍሪካ ጣለው። በ1809 ፈረንሳይ ሲገባ የልኬት ወረቀቶቹ አብረውት ነበሩ። በዚያው ዓመት፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። ብርሃን ከአንድ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ በከፊል ፖላራይዝድ ይሆናል። በራሱ ከሚያበራ ኮከብ የሚመጣው ግን ከሞላ ጎደል አይሆንም። በ1819 ሐምሌ ላይ ደማቅ ጅራታም ኮከብ ሲታይ አራጎ ምስሉን ለሁለት በሚከፍል ክሪስታል ተመለከተው። ሁለቱ ምስሎች በድምቀት ትንሽ ተበላለጡ። ችግሩ የመሣሪያው ቢሆንስ? ካፔላ ወደምትባለው ኮከብ አዞረው፤ ሁለቱም እኩል ሆኑ። ስለዚህ ጅራታሙ ኮከብ ቢያንስ የተወሰነውን ብርሃኑን ከፀሐይ ተውሷል ማለት ነው። እኛ የወደድንለት ይህችን ማጣሪያ ነው።

በ1835 ሃሌይ ሲመጣ በተሻለ መሣሪያ አየው። አንዱ ምስል ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ። መሣሪያውን ሲያዞረው ቀለማቸውን ተለዋወጡ።

ብርሃኑን የሚበትነው በአብዛኛው የኮከቡ አቧራ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ይለካሉ፤ ጋዙ የራሱ ብርሃን ስላለው ያንን በማጣሪያ ያስወግዱታል። አቧራ በበዛባቸው ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ከሰማያዊው ይበልጥ ፖላራይዝድ ነው፤ ልዩነቱም ስለ ብናኞቹ መጠንና አሠራር ይናገራል። በ1997 የደመቀው ሄል-ቦፕ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ፖላራይዜሽን ነበረው። በ2019 ከሌላ የኮከብ ሥርዓት የመጣው ቦሪሶቭ ሲለካ ከእሱ ጋር ተመሳሰለ።

አራጎ በ1848 ሚኒስትር ሆኖ ነበር፤ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን ያስቀረው አዋጅ የወጣው ያኔ ነው። በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑ ደከመ፣ ማየትም ተሳነው ማለት ይቻላል። ጽሑፎቹን በቃል እየተናገረ ሌሎች ይጽፉለት ነበር። በ1853 ፓሪስ ውስጥ ሲሞት 67 ዓመቱ ነበር።